ሐቡባ እስከ ፋሲካ እንዳትነሳ

ሐቡባ ያስወጣችኝን አስቀድሜ ልናገር፦ ሦስት ጉንጭ ቤንዚን፣ አንድ የፊት ጥርስ፣ አሥራ አንድ ብይ፣ እና አባት ሊሆነኝ ትንሽ የቀረው አንድ ሰው። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋውን ሳልናገር ዕቃ ከመደርደሪያ አላወርድም። ጥርሱ የወተት ስለነበረ ሌላ በቀለበት።

ሐቡባ መኪና ናት። ሱዳኖች አያታቸውን ሐቡባ ይላሉ። ይቺም ጀርባዋ ክብ፣ ዓይኖቿ ጎላ ጎላ ያሉ፣ እንግሊዝ ከካርቱም ሳይወጣ የመጣች አሮጊት ስለነበረች ሰፈሩ ማንንም ሳያማክር ስም አወጣላት።

ባለፈው ወር ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ሄጄ ነበር፤ ጦርነቱ ካስወጣኝ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የመለዋወጫ ሱቄን ለማየት ነው የሄድኩት። ሱቁ ጋ ሳልደርስ፣ ጥጉ ላይ ሁለት ጎረምሶች ጎማው ከተወሰደ መኪና በላስቲክ ቱቦ ቤንዚን ይስባሉ። አንዱ ሲስብ አፉ ሞላበትና ጎንበስ ብሎ ተፋው። ጓደኛው «ማሌሽ፣ አይዞህ» አለው እየሳቀ። ሽታው በአፍንጫዬ አልገባም፤ በቀጥታ ምላሴ ላይ ነው ያረፈው። ጥይት የበሳው ግንብ ጥላ ሥር ቆሜ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያን ዓመት የኛ ሁዳዴና የሱዳኖቹ ረመዳን ባንድ ሳምንት ገቡ።

እኔና እናቴ ቡሪ ውስጥ ዐም ኡስማን ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ዐም ማለት አጎት ነው፤ ሰውየው ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሰዓቱን አሁንም በየአምስት ደቂቃው ያያል፣ የሚጠብቀው ባቡር ግን የለም። እናቴ አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ጋሽ ወልዴ ይኖራል። ጎንደሬ መካኒክ ነው፤ ደርግን ሸሽቶ በመተማ በኩል በእግሩ የገባ። እጁ ከግራሶ ስለማይጠራ ሰው ሰላም ሲል መዳፉን አጥፎ ክንዱን ነው የሚሰጠው። አባቴ የት እንደሄደ ስጠይቅ እናቴ «ሊቢያ» ትላለች። የብዙ ልጆች አባትም እዚያ ነበር፤ ሊቢያ አባቶች የሚከማቹበት ትልቅ ቤት ይመስለኝ ነበር።

ሐቡባ የዐም ኡስማን አባት መኪና ነበረች። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮዎች ይፈለፍሉባታል። አንድ ቀን ዐም ኡስማን ጋሽ ወልዴን «አስነሳትና ውሰዳት» አለው። «ጠዋት ጠዋት በነዚያ ዓይኖቿ ስታየኝ አባቴ 'አሁንም ሥራ ፈትህ?' የሚለኝ ይመስለኛል።»

ጋሽ ወልዴ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ግን ደርግ ወድቆ መንገዱ ከተከፈተ ዓመት አልሞላውም፤ ሰው በጭነት መኪና ላይ እየተሳፈረ ወደ አገሩ ይገባል። እሱም ቢሳፈር በጥቂት ቀን ጎንደር ነው። እናቱ እዚያ አሉ፤ አሥራ አራት ዓመት አልተያዩም፣ እግራቸውን ያማቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። ታዲያ ለምን አልተሳፈረም? የኛ ሰው እንዲያ አይመለስማ። አሥራ አራት ዓመት ባሕር ማዶ ይመስል ቆይቶ በሰው ሰሊጥ ጭነት ላይ ተቀምጦ ቢገባ፣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው።

«ባዶ እጄን ደጇ ላይ ልቁም?» ይል ነበር። «ክላክስ እየነፋሁ ነው የምገባው። ትወጣለች። ከፊት አስቀምጬ ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ። ለፋሲካ!»

ሥራው ተጀመረ። የሐቡባን መልክ ሳይነካ ውስጧን ብቻ ማገዝ ነው የፈለገው። ዲናሞዋን አውጥቶ ከተጋጨ ፒክአፕ የተገኘ አልተርናተር አሰረላት። ራዲያተሯ ፊት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሰቀለላት፤ ካርቱም ላይ ሰው እንኳ ያለ ማራገቢያ ከአልጋ አይነሳም። የፊት ፍሬኗን ከሌላ መኪና አምጥቶ እየሞረደ አለማመዳት። ዐም ኡስማን ትልቅ ሞተር ይግባላት ሲል «አሮጊት ምርኩዝ ነው የምትሰጣት እንጂ ክንፍ አይደለም» አለው።

ቤንዚን በራሽን ነበር። የምናገኘው የዐም ኡስማን የወንድም ልጅ ከሚነዳው ፒክአፕ ታንከር በቱቦ እየሳብን ነው። የመጀመሪያው ቀን ዐም ኡስማን ቱቦውን ለጋሽ ወልዴ ዘረጋለት።

«ሳብ።»

«አንተ ሳብ፤ መኪናው የዘመድህ ነው።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ጾመኛ ነኝ እኮ!»

«እኔስ ምሳ በልቼ መጣሁ?»

«የእናንተ ጾም ከሥጋና ከወተት ነው። ቤንዚን ሥጋ ነው? ቤንዚን ወተት ነው?»

ጋሽ ወልዴ ጥቂት አሰበ። «የጾም ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ግን ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ግቢው ውስጥ የማይጾም እኔና ዶሮዎቹ ብቻ ነበርን።

ሁለት ሃይማኖት ተስማምቶ ሲመርጥህ እምቢ አይባልም። እስከ ዒድ ሦስት ጊዜ ሳብኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አፌ ሞላ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ትፋ! ትፋ!» እያሉ ባንድ አፍ ጮኹ። ማታ እናቴ ስትስመኝ ቀና ብላ ታሸተኛለች። «ይሄ ልጅ ምን እየበላ ነው?» ትላለች። ጋሽ ወልዴ ከውጭ «ፉል» ይላል።

ጥርሴን የወሰደችው ማኖቬላዋ ናት፤ ሞተሩን ከፊት የምታዞረው ብረት። «አትጠጋ» ተብዬ ነበር። ተጠጋሁ። ብዮቼን ያስበላኝ ደግሞ የኋላ መብራቷ ነው። አንዱ ቀይ መስታወቷ ጠፍቶ ኦምዱርማን ድረስ ተፈልጎ አልተገኘም፤ እኔ ግን የሰፈር ልጅ ፀሐይን በቀይ እያየ ሲጫወትበት አገኘሁት። ልጁ መፈለጌን ከዓይኔ አነበበ። «አሥራ አንድ ብይ» አለኝ፤ ያሉኝ አሥራ አንድ ነበሩ። ብዮቼ የሚቀመጡባትን ካልሲ ባዶዋን ይዤ መስታወቱን ለጋሽ ወልዴ ሰጠሁት።

«ስንት አስከፈለህ?»

«አሥራ አንድ ብይ።»

«ተበልተሃል» አለኝ። ከዚያ መስታወቱን በሸሚዙ ጠርጎ ገጠመና መብራቱን አብርቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። «ግን ከዚህ በታች አይገኝም ነበር።»

ንግድ የተማርኩት ያን ቀን ነው። የፈለግኸውን ዕቃ ዓይንህ ሳያየው ዋጋ ጠይቅ።

ከሥራዎቼ ሁሉ የምወደው ግን ጠሪነት ነበር። ሐቡባ መሪዋ በቀኝ ነው። ሱዳን ደግሞ እንግሊዝ ከሄደ በኋላ መንገዱን ወደ ቀኝ አዙሮታል። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ስለሚቀመጥ ከፊቱ ያለውን ጭነት መኪና መቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። በግራ የተቀመጠ ሰው አይቶ ይጠራለታል። ጋሽ ወልዴ የግራ ወንበር ላይ የዘይት ቆርቆሮ ደፍቶ አስቀመጠኝና ሐቡባ ገና ጎማ ሳይኖራት ልምምድ ጀመርን። እሱ መሪ ይጠመዝዛል፣ እኔ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ።

«እንለፍ?»

«ቆይ! መኪና መጣ!» ዶሮ ናት።

«አሁንስ?»

«እለፍ!»

«ሃብቴ፣ አንተ ባትኖር ሐቡባ ከጭነት መኪና ኋላ ተሸጉጣ ነው መተማ የምትደርሰው።»

ይህን ሲለኝ ሂሳቡ ለኔ አልቆ ነበር። መኪናዋ ያለ ጠሪ አትሄድም፤ ጠሪው እኔ ነኝ፤ እኔ ያለ እናቴ አልሄድም። ስለዚህ ሦስታችን ነን የምንሄደው። ማንም እንዲህ አላለኝም። ማንም አይደለም ብሎ ስላላስተባበለ ግን ተስማምተናል ማለት ነው።

ረመዳን ሲጋመስ ከገዳሪፍ የመጣ ሾፌር ለእናቴ ደብዳቤ ሰጣት። አንብባ ፍራሽ ሥር አስገባችው፤ እኔ ከሊቢያ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደብዳቤው የጋሽ ወልዴ እናት ማረፋቸውን የሚናገር እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። በቅበላ ነው ያረፉት፤ ሁዳዴ ሊገባ ሲል።

መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ይህን አንባቢ ያውቀዋል። ሰው ብቻውን ሳለ፣ ሥራ ላይ ሳለ፣ ዘመድ በሌለበት አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ከጎኑ የሚይዘው ሰው ተሰብስቦ። ጋሽ ወልዴ በሱዳን ያለው ዘመድ አንድ የአጎቱ ልጅ ነበር፤ እሱም ገዳሪፍ ነው፤ ከከተማ ከተማ ለመሄድ ደግሞ ተስሪህ፣ የመንግሥት ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቄሱም፣ የእድሩ ሰዎችም፣ እናቴም «ተስሪሁ ይውጣ፣ ፋሲካም ይለፍ» ብለው ያዙት። የሚያስቸግረው ሐቡባ ነበረች። እሷ ቀድማ ከተነሳች ሰውየው ክላክስ እየነፋ ሐዘን ቤት ሊገባ ነው።

እናቴ ለዐም ኡስማን ነገረችው። ሱዳኖች ሟቹን ከሰዓት በፊት ቀብረው ከሰዓት በኋላ ፋትሓ፣ የለቅሶ ጸሎት፣ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ዐም ኡስማን እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ሰውየው እየሳቀ ቀለም ይቀባል፣ እናቱ መሬት ውስጥ ናት! እናንተ ሐበሾች ሞትን እንደ ኮንትሮባንድ ነው የምታሳልፉት!»

ቢሆንም ተባበረ። ሦስት ቀን የፍሪሲዮን ሸራ ልፈልግ ብሎ ወጥቶ «ኦምዱርማን የለም፣ ኸላስ፣ አልቋል» እያለ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ወልዴ ራሱ ሄዶ ባንድ ሰዓት ውስጥ ይዞት መጣ። ዐም ኡስማን እየጾመ የዋሸባቸውን ሦስት ቀኖች ከጾም አልቆጠራቸውም፤ ከዒድ በኋላ ሊከፍላቸው ለራሱ ፈረደ።

ዒድ አለፈ። ለሆሳዕና ጥቂት ቀን ሲቀር ሐቡባ ተነሳች። መጀመሪያ ሳለች፣ ከዚያ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ እንደ ስፌት መኪና መምታት ጀመረች። ሰማያዊ ተቀብታለች። ዐም ኡስማን ጀላቢያውን ሰብስቦ ኮፈኗን ሳማት። እኔ ቆርቆሮዬ ላይ ወጣሁ። በቡሪ መንገድ ወጥተን መጀመሪያ ያገኘነው የአህያ ጋሪ ነበር።

«እንለፍ?»

አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። «እለፍ!» ብዬ ጮህኩ፤ አህያዋም ደነገጠች። ቀደምናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀድሜያለሁ፣ ብዙ ሰውም ቀድሞኛል፤ እንደዚያች አህያ ደስ ያለኝ የለም።

አል-ማንሺያ ደርሰን እናቴን ከምትሠራበት ቤት ደጅ ጠበቅናት።

«አልማዝ፣ ግቢ! ከኋላ ነው ግን፤ የፊቱ የጠሪያችን ነው።»

እናቴ ሻርፗን ይዛ ቆማ መኪናዋን አየች። ገባች። በወንዙ ዳር ስንመለስ ጋሽ ወልዴ አፉ አልተዘጋም። «ያ ወንበር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እግሯን ትዘረጋለች። መስኮቱን ጎንደር ስንገባ እከፍተዋለሁ፣ ሰው እንዲያያት። መጀመሪያ አታውቀኝም ይሆናል፣ ጠጉሬ ሸብቷል። 'ማነህ?' ትለኛለች። 'ታክሲ ነኝ እማማ' እላታለሁ።»

ከኋላ ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። እናቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጭናለች።

«ምነው አልማዝ?»

«አቧራ ነው፣ ጋሽ ወልዴ።»

«መስኮቱን ዝጊው።»

«ዝግ ነው» አልኩ እኔ።

ጋሽ ወልዴ መንዳቱን ቀጠለ። እኔ ግን ገባኝ። አንዳንድ አርብ ዐም ኡስማን የሚወስደኝ የህንድ ፊልም ነበር፤ እዚያ ሴት ሰው መኪና ውስጥ ካለቀሰች ከሁለት ዘፈን በኋላ ሰርግ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ለስንቅ ሱቅ ሄዶ ሳለ እናቴና ዐም ኡስማን ጠሩኝ። ዐም ኡስማን የሐቡባን ኮፈን ከፈተ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን ክዳን አነሳና ውስጡ ያለች፣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ በጣቱ ሳይነካ አሳየኝ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ይቺ ሮተር ናት። እሷ ከሌለች ሐቡባ ድንጋይ ናት። እኔ አልነካትም። የረመዳኔን ሦስት ቀን ዛሬ እየጾምኩ ነው፤ አራተኛ አልጨምርም።» ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለሶላት ሊታጠብ ሄደ።

እናቴ ጎንበስ አለች። «ደብቃት። እስከ ፋሲካ እንዳትነሳ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ለምን?»

«ጋሽ ወልዴ እንዳይሄድ።»

እውነቷን ነው የነገረችኝ። እኔም የሰማሁት እውነት ነበር፤ ሌላ እውነት ነበር እንጂ። ሮተሯን ነቅዬ የብይ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ በደስታ የሰረቅሁት ነገር የለም።

ጋሽ ወልዴ ሦስት ቀን ፈለጋት። የዶሮ ማደሪያ ሳይቀር አበጠረ። ዐም ኡስማንን ያዘው።

«ኡስማን፣ ነክተሃታል?»

«ወላሂ እጄ አልነካትም!»

እውነት ነው። እኔንም ጠየቀኝ። «ሃብቴ፣ ዶሮ ይሆን የዋጣት?» አለኝ። «ትልቋ ዶሮ ከሆነች ትችላለች» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ዶሮዋን ግን አላረዳትም፣ ጾም ነው። ኦምዱርማን ሄደ፤ የዚያ ዓይነት ሮተር ካለቀ ዘመን ሆኖታል ተባለ። ያን ጊዜ እናቴ እፎይ አለች።

ሰውየውን አላወቀችውም። ኦምዱርማን ገበያ ባባኑስ የሚባለውን ጥቁር እንጨት እየቀረጹ ዝሆንና አዞ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ጋሽ ወልዴ ከነሱ አንድ ጉማጅ ይዞ መጣ። ባባኑስ እንደ ድንጋይ ነው፣ ደርቆም አይሰነጠቅም፣ እሳትም አያስተላልፍም። አንገረብ አልጋው ላይ ተቀምጦ በቢላዋና በሞረድ ይፍቀው ጀመር። ከአሮጌ የቧንቧ መክፈቻ ነሐስ ቆርጦ ጫፉ ላይ አሰረ። በመዳፉ ይመዝነዋል፣ ይስመዋል፣ እንደገና ይሞርደዋል። በአራተኛው ቀን፣ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠውና ለእናቴ አሳያት።

«ነገ ስቅለት ነው፣ ብረት አልነካም። ቅዳሜ እገጥማታለሁ። ፋሲካን አስቀድሼ እሁድ እነሳለሁ። ከቤቷ የምደርሰው በሳምንቱ ውስጥ ነው። ትቀየመኝ ይሆናል ስለዘገየሁ።»

እናቴ «ደግ» አለችው። ከዚያ ማታውን ገዳሪፍ በሚሄድ ሾፌር ቃል ላከች።

የአጎቱ ልጅ ተስሪህ ሳያወጣ፣ በጭነት መኪና ላይ በሰሊጥ ጆንያዎች መሃል ተኝቶ መጣ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እኔ ግቢው ውስጥ ከተኛሁበት ነቃሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ሰው ይገባል። ቄሱ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች። ኮታቸውን የደረቡ ሽማግሌዎች። የማላውቀው ጸጉረ ልውጥ ሰው። ዐም ኡስማን እንኳ ነጭ ጀላቢያና ጥምጥም አድርጎ ቆሟል። ሁሉም የጋሽ ወልዴን በር ያያሉ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሽማግሌ በጠዋት ተሰብስቦ ሰው ቤት ከመጣ ለጋብቻ ጥየቃ እንደሆነ ነው። ሁለት ዘፈን አልፏል።

ካልሲዬን ከፍራሽ ሥር አወጣሁ። ከእንግዲህ ስለማይሄድ መደበቅ አያስፈልግም።

ጋሽ ወልዴ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ወጣ። ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ የአጎቱን ልጅ አየ።

«አንተ? መቼ ገባህ?»

«ወልዴ፣ ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። የእናቴን ነጠላ አየ። እጁ ፎጣውን ያዘ።

በዚህ መሃል ነው በሰዎች እግር ሾልኬ የደረስኩት። እጁን ከፍቼ ሮተሯን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

መዳፉን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ግቢውን በሙሉ አንድ በአንድ አየ፤ ዐም ኡስማን ፊቱን አዞረ።

«እናቴ ናት» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ሴቶቹ ያን ጊዜ ነው የጮኹት፤ የአጎቱ ልጅና ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት። እኔን ማን እንዳነሳኝ አላውቅም፤ በሰዎች ትከሻ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ቀና አለ።

«መቼ?»

«በቅበላ» አለው የአጎቱ ልጅ።

ጋሽ ወልዴ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሳምንታቱን ወደ ኋላ። ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ «ቀለም እየመረጥኩ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። አስታውሳለሁ፤ በቅበላ ሰሞን ነው ሁለት ቆርቆሮ ይዞ እኛ በር ላይ ቆሞ «አልማዝ፣ እርጎ መልክ ይሻላታል ወይስ ሰማያዊ?» ያላት። ሁለት ምሽት ተከራከሩበት።

ያን ዓመት ፋሲካ በዚያ ግቢ ሐዘን ሆኖ ዋለ። ዐም ኡስማን ደጅ ምንጣፍ አነጠፈ፤ የቡሪ ሰዎች እየመጡ እጃቸውን ዘርግተው ፋትሓ ይላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ ወልዴ አንገረቡ ላይ ብቻውን ሆኖ ጠራኝ።

«ማን ነው ያስደበቀህ?»

«እኔ ነኝ የደበቅሁት። እንዳትሄድ።»

ብዙ አየኝ። «ጥሩ ደብቀሃል» አለኝ። «የካልሲው ነገር አልታየኝም።» ይህን ሲል ፂሙ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም።

ክረምቱ መንገዱን ሳይቆርጠው ለተዝካሩ ሊሄድ ተነሳ። ጉዞው ሲቃረብ ዐም ኡስማን ከፈረሰ ጭነት መኪና ክብ ስፖኪዮ አመጣ። ጋሽ ወልዴ በግራ በኩል፣ እኔ አንገቴን ከማወጣበት መስኮት አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት አዙሮ አሰረው። ከሾፌሩ ወንበር ሆነህ በዓይንህ ጥግ ስታየው ከፊትህ ካለው መኪና ወዲያ ያለው መንገድ ይታይሃል። ሐቡባ ላይ ከተጨመሩት ሁሉ መጨረሻው እሱ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነበር። አሁንም ደንበኞቼን የምመክራቸው ነው።

«ማን ይጠራልሃል?» አልኩት።

በአገጩ ስፖኪዮውን አሳየኝ። «አንተ ትምህርት አለህ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ስንቅ ሰጠችው። «እግዜር ይከተልዎ፣ ጋሽ ወልዴ» አለችው። እሱ አንገቱን ሰበረ፤ ክንዱን ሊሰጣት ዘረጋና መልሶ መዳፉን ገልብጦ አየው። ያን ቀን ታጥቦ ንጹሕ ነበር። እጇን ጨበጣት። ከዚህ በላይ ያየሁት ነገር የለም።

ሞተሩን አስነስቶ በመስኮት ጠራኝና የባባኑሷን ሮተር ሰጠኝ።

«ይቺ መጠባበቂያዬ ናት። አንተ ጋ ትቀመጥ።»

«መንገድ ላይ ያቺኛዋ ብትበላሽስ?»

«መጥቼ እወስዳታለኋ።»

ሰማያዊዋ ሐቡባ ከበሩ ወጣች። ጥጉ ላይ የአህያ ጋሪ ነበር። «እለፍ» አልኩ፤ አልሰማኝም፣ ግን አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሐቡባ ሮተር እንድትሰበር እጸልይ ነበር። የሰው መኪና እንዲበላሽ መጸለይ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ መለዋወጫ ነጋዴ ከሆንኩ በኋላም አልተውኩትም። በዓመቱ ሰው መልእክት አመጣ፦ ደርሷል፣ ተዝካሩን አውጥቷል፣ መኪናዋ አንዲት ነገር አልሆነችም። እናቴ «ተመስገን» አለች። እኔ ወጥቼ ኒም ዛፉ ሥር፣ ሐቡባ ቆማበት የነበረው ቦታ፣ ዘይት የጠጣው አፈር ላይ ተቀመጥኩ። ዶሮዎቹ የት እንደሚፈለፍሉ ጠፍቷቸው ነበር።

እነዚያ ቤንዚን የሚስቡት ጎረምሶች ጀሪካናቸውን ሞልተው ሄዱ። እኔም ሱቄ ጋ ደረስኩ። ከፈትኩት ማለት አልችልም፤ በር አልነበረውም። ካንዴላው፣ ፍሬን ሸራው፣ አልተርናተሩ፣ መደርደሪያው፣ የግድግዳው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል። የጠረጴዛዬ መሳቢያ መሬት ላይ ተደፍቷል። አነሳሁት። ከሥሩ የብይ ካልሲዬ ነበረች፤ የወሰዱት ሰዎች ከፍተው አይተው፣ እንጨት ሆኖባቸው ጥለዋታል።

ወጪውን መጀመሪያ ላይ ተናግሬያለሁ። ቀሪው ይኸው ነው፦ አንድ የባባኑስ ሮተር። ሊወስዳት የመጣ የለም።